ከመዝገብ በፊት ሽማግሌ

ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ ቲጃኒ ኢስሃቅን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ በዕድሜው የመንግሥት ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም። ቲጃኒ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጅማ ከተማ ደብዳቤ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። ሥራውን ሲጀምር ፊደል አይለይም ነበር። ጠዋት የአውራጃው ጸሐፊ ሃያ ፖስታ አንድ በአንድ እያነሣ «ይህ የእገሌ፣ ይህ የእገሊት» ሲለው አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ፖስታዎቹን በሰማው ቅደም ተከተል ክንዱ ላይ ደርድሮ ይወጣል። የአንዱን ለሌላው ሰጥቶ አያውቅም። የሚጠራጠር ሰው ከገጠመው ጆሮውን በጣቱ ነካ አድርጎ «መዝገቤ ይኸውና» ይል ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ፣ በአርባ ስድስት ዓመቱ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። የምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ እልፍኙ ውስጥ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ተላላኪ መባል ቀረለትና የቀለብ ክፍል መዝገብ ቤት ሠራተኛ ተባለ። ጽሑፉ ዘገምተኛ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ፊደል እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የቀለብ ክፍል ቤት በአውራጃው ግቢ ጫፍ ላይ ያለ፣ ቆርቆሮው የዛገ ባለ አራት ክፍል ቤት ነው። አባታቸው ጥሏቸው የሄደ ልጆች እናቶች ወደዚያ ይመጣሉ። መዝገብ ይከፈትላቸዋል፤ ለአባትየው በቀበሌው ወይም በገበሬ ማኅበሩ በኩል መጥሪያ ይሄዳል፤ ከደመወዙ ወይም ከቡናው ሽያጭ ላይ የልጁ ቀለብ ይቆረጣል። ሠራተኞቹ አራት ብቻ ናቸው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ያለምወርቅ፣ ጉዳይ መርማሪዎቹ ሆሴዕና ዘይቡ፣ መዝገብ ቤቱ ደግሞ ቲጃኒ።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ ቲጃኒን ወደ ቢሯቸው ጠሩት።

«በሩን ይዝጉት፣ ጋሽ ቲጃኒ።»

በዚያ ዘመን አለቃ በሩን ዝጋ ሲል ልቡ የማይመታ ሠራተኛ አልነበረም። ቲጃኒ ዘግቶ ቆመ።

«ከክፍለ ሀገር ደብዳቤ መጥቷል። አምና ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መቶ አርባ አዲስ መዝገብ ከፍተን ነበር። ዘንድሮ ሰባ ሰባት ነው። ለዚህ ሁለት መርማሪ ምን ያደርግላችኋል ይላሉ። ጥር ላይ ከሰው ኃይል አንድ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ነገሩ እንዲያ ከሆነ አንዱ መደብ ይታጠፋል።»

«የማን መደብ?»

«ያው የጊዜያዊዋ ነዋ። የዘይቡ።»

ቲጃኒ ፊቱ ዳመነ። ዘይቡ የወዳጁ የሸኩር ልጅ ናት። ሸኩር ኮርቻ ሰፊ ነበር፤ ሊሞት ሲል የቲጃኒን እጅ ይዞ «ልጄን» ብሎ ሌላ ቃል ሳይጨምር አረፈ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሁለት ልጅ ካስወለዳት በኋላ አጋሮ ሌላ ቤት ሠርቶ እዚያው ቀረ። ቲጃኒ ደጅ ጠንቶ ነው እዚህ ያስቀጠራት። ሥራዋ ከታጠፈ ሁለቱ ልጆች ምን እንደሚበሉ እሱም አያውቅም።

«የጅማ አባቶች በአንድ ዓመት ጨዋ ሆኑ ማለት ነው?» አለ።

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው። ከመስኮቴ ሳይ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሴቱ ሞልቶ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ግን መዝገብ የለም። በበሩና በጠረጴዛዬ መካከል የሚበላው ጅብ ማነው? እርስዎ ዓይን አለዎት፤ ይመልከቱልኝ።»

ቲጃኒ ከዚያ ሲወጣ ጅቡን በልቡ አግኝቶታል። ከመስከረም ወዲህ እዚህ ቤት ምን አዲስ ነገር መጣ? ሆሴዕ!

ሆሴዕ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ከሆሳዕና ተዛውሮ የመጣ ጎልማሳ ነው። በዚያው ሳምንት ዘበኛው ሸምሰዲን ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ስለ ሄደ፣ ምትክ የለም ተባለና በሩም መዝገብ ቤቱም በቲጃኒ ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። ቲጃኒ በዚያ አላጉረመረመም። ተቆጥቶ የሚያውቀው በሆሴዕ ነው። ሰውዬው ድምፁን አያሰማም። ሻይ ላይ ወሬ ሲነሣ ተነሥቶ ይሄዳል። የጠረጴዛውን መሳቢያ ይቆልፋል፤ ቆልፎም ይነቀንቀዋል። ጴንጤ ነው ይባላል፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እነዚህ ሰዎች በራቸውን ዘግተው ነው የሚኖሩት። ቲጃኒ በሃይማኖቱ አልከፋበትም፤ «እሱ የእሱና የአላህ ጉዳይ ነው» ይላል። በቁልፉ ግን ከፋበት። የሚቆለፍ ነገር ያለው ሰው የሚደበቅ ነገር አለው።

አንድ ቀን ደግሞ የሆሴዕ ሚስት ልያ ከቢሮው ደጅ ቆማ ስትጠብቀው አይቷት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሥራ ፈላጊ ናት ብለውትም ነበር። ነገሩ ሁሉ አሁን ገጠመለት። ቁጥሩ እንዲወርድ መዝገብ ይደበቃል፤ ዘይቡ ትወጣለች፤ ቁጥሩ ተመልሶ ሲወጣ መደቡ ይከፈታል፤ ልያ ትገባለች።

በማግስቱ ማለዳ በሩ ላይ እንደ ልማዱ ቆመ። አግዳሚው ላይ ዘጠኝ ሴቶች ተቀምጠዋል። ቲጃኒ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ መጀመሪያዋ ቀረበ። ከደዶ የመጣች ባህሪያ የምትባል፣ ልጅ ያዘለች ሴት ናት። በጥቅምትም መጥታ ነበር።

«ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ጨረሱ?»

«አልጨረሱም፣ ጋሼ። ለፊታችን ዓርብ ብለው ቀጥረውናል።»

«እንግዲያ ምን አመጣሽ? ሽማግሌ ተቀምጦ እያለ መንግሥት ቤት መምጣት ሽማግሌን መናቅ ነው። ስምሽ አንዴ መዝገብ ከገባ በኋላ ልጅሽ ሲያድግ አባቱን የከሰሰች እናት ልጅ ይባላል። ሂጂ፣ ሲጨርሱ ነይ።»

«ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ መንገዱ ሩቅ ነው...»

«መንገዱ ሩቅ ከሆነ እዚያው መንደራችሁ ውስጥ እርቁ ቅርብ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ባህሪያም ፈገግ ብላ፣ ልጁን ከፍ አድርጋ አዝላ ተመለሰች። ቲጃኒ ከዘጠኙ አምስቱን እንዲህ ሸኘ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ አባት ነው። አባቱም አያቱም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ጨዋ ሰው ጉዳዩን መጀመሪያ ለሽማግሌ ይሰጣል፤ ሽማግሌ ያቃተው ብቻ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ሸምሰዲን በር ላይ በነበረ ጊዜ ማንንም ዝም ብሎ ያስገባ ነበር። «ያ ልጅ ሥርዓት አያውቅም» ይል ነበር ቲጃኒ። የገቡትን አራቱን ግን በዓይኑ ተከተላቸው። ማን ወደ ሆሴዕ ገባ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ወረቀት ይዛ ወጣች ወይስ ባዶ እጇን።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘይቡን ወደ መዝገብ ቤቱ ጠራት። የትንሹ ልጇ ትክትክ አላስተኛት ብሎ ዓይኗ ቀልቷል።

«ከዚህ ሰውዬ ተጠንቀቂ» አላት በሹክሹክታ።

«ከየትኛው? እዚህ ቤት ሰውዬ የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ እርስዎ ነዎት።»

«ቀልዱን ተዪው። የመሳቢያውን ቁልፍ አይተሻል?»

ዘይቡ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ቲጃኒ ይህን አየ። ፈራችው ማለት ነው ብሎ ያዘው።

«ጋሼ፣ ሆሴዕ ክፉ ሰው አይደለም። እባክዎ አይነካኩት።»

«ምን አለሽ? አስፈራራሽ?»

«ኧረ ዋላሂ ምንም አላለኝም! ያ ረቢ፣ እርስዎ ደግሞ ከጥላዎ ጋር ሊጣሉ ምን ቀረዎት?» ብላ እየሳቀች ወጣች። ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ አልወረደም። ቲጃኒ ይህንንም መዘገበ።

ቅዳሜ ቢሮው በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ሆሴዕ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ሲወጣ ቲጃኒ በሩን ቆልፎ፣ ራቅ ብሎ ተከተለው። ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ላመላለሰ ሰው ሳይታይ መከተል አይከብድም፤ የጅማን አጥር ሁሉ ያውቀዋል። የአዌቱን ወንዝ ተሻገሩ። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሲደርሱ ሆሴዕ አንዲት የጭቃ ቤት ገባና በሩ ከኋላው ተዘጋ። ቲጃኒ ከቡና ዛፎቹ መካከል ቆሞ በመስኮቱ ተመለከተ። ልያ ጠረጴዛውን ጠረገች። ሆሴዕ ጋዜጣውን ፈታ። ከውስጡ የወጡትን ቡኒ መሸፈኛዎች ቲጃኒ ከመቶ ክንድ ርቀት ያውቃቸዋል፤ ቁጥር የጻፈባቸው በገዛ እጁ ነው። የቀለብ ክፍል መዝገቦች ናቸው! ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጽፉ ጀመር። ልያ በቀስታ ታንጎራጉራለች።

ቲጃኒ ደስም አለው፣ ተቆጣም። መዝገብ ከቢሮ ማውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው። አሁን ጅቡን በጉድጓዱ አይቶታል። ለወይዘሮ ያለምወርቅ ግን አልነገራቸውም። እሳቸውም ሴት ናቸው፣ ያዝናሉ፣ ያስመክራሉ፤ መዝገቡም ሹልክ ብሎ ይመለሳል። ተቆጣጣሪው ይምጣ ብሎ አፉን ዘጋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆሴዕ «እንደምን አደሩ» ላይ እንኳ ሌላ ትርጉም ሲፈልግ ሰነበተ።

ተቆጣጣሪው ጓድ ደምመላሽ ጥር አሥራ ስድስት ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በላንድሮቨር መጣ። ቀጭን፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው ነው። በወይዘሮ ያለምወርቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠራተኞቹን በተራ እንዲጠሩለት አዘዘ። መጀመሪያ ቲጃኒን ጠራ።

«ጓድ ቲጃኒ፣ እርስዎ እዚህ ቤት ነባር ነዎት። መዝገቡ ለምን ወረደ?»

«መዝገብ ከቢሮ ስለሚወጣ ነው።»

ደምመላሽ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማን ያወጣል?»

«ሆሴዕ። በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ጠዋትም ጠቅልሎ ይዟቸው መጥቶ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎባቸዋል።»

ስሙ ከአፉ ሲወጣ እንዴት ቀላል ነበር! ደምመላሽ ተነሥቶ ሁሉንም ሰበሰበ። መሳቢያው ተከፈተ። በጋዜጣ የተጠቀለሉ አሥራ ስምንት መዝገቦች ወጡ። ሆሴዕ አላስተባበለም።

«ጓድ ቲጃኒ፣ ባሕር መዝገብዎን ያምጡ። የስንቱ ቁጥር እንደጎደለ እንይ።»

ቲጃኒ ባሕር መዝገቡን ዘርግቶ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አመሳከረ። የመጀመሪያው አለ። ሁለተኛውም አለ። አሥራ ስምንቱም ተመዝግበዋል፤ አንድም የጎደለ የለም። በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የመርማሪው ስም ተጽፏል። የሆሴዕ ስም አይደለም። «ዘይቡ ሸኩር» ይላል።

«የእኔ ናቸው» አለች ዘይቡ። «ልጄ ከታመመ ወዲህ ሥራው በዛብኝ። ከአምና የተንከባለለ ክትትል አለ፣ መልስ ያላመጣ መጥሪያ አለ፣ እንደገና የሚጻፍ አለ። ወደ ኋላ የቀረሁ እንደሆነ ታወጡኛላችሁ። እሱና ሚስቱ ቤታቸው እየወሰዱ ረቂቁን ይጽፉልኝ ነበር። አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቲጃኒ የባሕር መዝገቡን ጠርዝ ጨብጦ ይዟል። ዘይቡ ዓይኗን ለምን ወደ መሬት እንዳደረገች፣ ሆሴዕ መሳቢያውን ለምን እንደሚነቀንቅ፣ ልያ ለምን ደጅ ትጠብቀው እንደነበር፣ ሁሉም እንደ ተገለበጠ ጓንቲ ውስጡ ታየው።

ደምመላሽ ግን አላዘነም። «መዝገብ ማውጣት ጥፋት ነው፤ ይጻፍበታል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ አይደለም። የጎደለ የለም። ስለዚህ ሰባ ሰባቱ ሰባ ሰባት ነው። አዲስ ጉዳይ የማይመጣበት ቤት ሁለት መርማሪ አይቀመጥበትም» አለና ወረቀቱን ሳብ አደረገ።

በዚህ መካከል ከውጪ ጫጫታ ተሰማ። ቲጃኒ እዚህ ስለቆመ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ደምመላሽ ተበሳጭቶ በሩን ከፈተው። መተላለፊያው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሴት ሞልቷል፤ የታዘለ ልጅ፣ የቆመ ልጅ፣ የሚያለቅስ ልጅ። ከፊት ያለችው ባህሪያ ናት።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ ደምመላሽ።

«መዝገብ ሊከፈትልኝ ነዋ፣ ጌታዬ። ዛሬ ሦስተኛዬ ነው።»

«ሦስተኛ? ቀድሞ ማን መለሰሽ?»

ባህሪያ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች። «እሳቸው» አለች። «ክፉ ሆነው አይደለም። መጀመሪያ ሽማግሌ አስቀምጪ አሉኝ። አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ዓርብ ተቀመጡ። ቃላቸውን ሰጥተው ሲነሡ ሰውዬው ቡናውን ሸጦ፣ ገንዘቡን በልቶ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ ጠበቀን። ለልጄ የቀረለት ምርቃት ብቻ ነው።»

«እኔንም» አለች ከኋላ ያለችው።

«እኔንስ? ‹አባትሽ ቢሰማ ምን ይላል› ብለውኝ አይደል!» አለች ሌላይቱ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ደምመላሽ ቀስ ብሎ ዞረ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ቲጃኒን ተመለከቱት። ኋላ ያን ቀን ሲያወሩ «ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር» ይላሉ። እሱ ግን አላቀረቀረም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ደብዳቤ ሲያደርስ የኖረ ሰው የራሱን ደብዳቤ መቀበል አያቅተውም። ከመስከረም ወዲህ ምን አዲስ ነገር መጣ? ሆሴዕ መጣ፤ አዎን። እሱ ደግሞ በሩ ላይ ቆመ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሲሰማ ኖሮ፣ ትርጉሙ ዛሬ ገባው።

«ጅቡ እኔ ነኝ» አለ።

«ስንት ሰው መልሰዋል?» አለ ደምመላሽ።

«መዝገብ አልያዝኩላቸውም። ገና ጉዳይ አልሆኑም ብዬ ነው።» ቆም አለ። «ግን ሁሉም እዚህ አሉ» ብሎ ጆሮውን ነካ። ከዚያ ወደ ሆሴዕ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ ብሎ ጠራው። «የእኔ እጅ ዘገምተኛ ነው። አንተ ጻፍ፣ ልጄ።»

ሆሴዕ ወንበር ሳበ። ከዚያ ወረቀት አነሣና ተቀመጠ።

«መስከረም አሥራ ሰባት፣ ለጢፋ፣ ከሰቃ፣ ሦስት ልጆች፤ ሁለቱ መንታ ናቸው። በዚያው ቀን ፈድሊያ፣ ከዚሁ ከሄርማታ፣ አንድ ሴት ልጅ። መስከረም ሃያ፣ ተስፋነሽ፣ ቡና ለቃሚ ናት፣ ሁለት ልጆች፤ ባሏ አናጢ ነው...»

ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፖስታ ክንዱ ላይ እንደሚደረድር ሰው፣ ስሙን ከነቀበሌው፣ ልጆቹን ከነቁጥራቸው ደረደረ። ሠላሳ ሲደርስ ደምመላሽ አላመነም።

«አንድ ጊዜ ይቁሙ። ከተስፋነሽ ቀጥሎ ማን ነበረች?»

«የሰርቦዋ፣ ትንሽ የምታነክሰው። አራት ልጅ።»

ደምመላሽ የሆሴዕን ወረቀት በትከሻው ላይ አየና «ይቀጥሉ» አለ። ከመተላለፊያው ደግሞ ሴቶቹ «እውነት ነው»፣ «እሷ ጎረቤቴ ናት» እያሉ ይመሰክራሉ። ሃምሳ ስምንት ላይ ሲደርስ ቲጃኒ ዓይኑን ገለጠ። የሆሴዕ እስክሪብቶ ጠበቀ።

«አንዲት ቀርታለች» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ዘይቡ ሸኩር፣ ሁለት ልጆች። ባሏ ሾፌር ነው፣ አጋሮ ይኖራል። ‹የሸኩር ልጅ በመዝገብ አትጻፍም› ብዬ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ። ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ ሽማግሌዎቹ እስካሁን ቀጠሮ ላይ ናቸው።»

ዘይቡ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ደምመላሽ ሰዓቱን አየ፤ ቀድሞ የጀመረውን ወረቀት ግን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«መደብ በቃል አይታጠፍም፣ መዝገብም በቃል አይከፈትም» አለ። «አሥር ቀን እሰጣችኋለሁ። እነዚህ ሰዎች በአካል ቀርበው መዝገብ ከተከፈተላቸው መደቡ ይቆያል። ካልቀረቡ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ።»

ቲጃኒ ያን አሥር ቀን ቤቱ የዋለበት ቀን የለም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ራሳቸው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ወጣ። ወደ ሰቃ በጭነት መኪና፣ ወደ ደዶ በእግሩ፣ ወደ አጋሮ በአውቶቡስ። ደጅ እየቆመ «መልሼሽ ነበር፤ አሁን ልጠራሽ መጣሁ» ይላል። አንዳንዷ ትመርቀዋለች። አንዳንዷ «አሁን ነው እንዴ ትዝ ያልንዎ፣ ቡናው ተሸጦ ካለቀ?» ትለዋለች፤ ይቀበላል። ከሃምሳ ዘጠኙ ሃያ አንዱን ሽማግሌ በእውነት አስታርቋቸው አገኘ። አባቶቹ ልጆቻቸውን ያበላሉ፤ መዝገብ አንፈልግም አሉት። በዚህ ልቡ ትንሽ ቀና አለ። ሠላሳ አራቱ መጡ፤ ዘይቡም ከነሱ አንዷ ሆና በራሷ ባልደረባ ፊት ተቀምጣ ማመልከቻዋን ፈረመች። አራቱን ግን አላገኛቸውም። አንዷ ቤቷ ተዘግቶ፣ ደጁ ሣር በቅሎበት ነበር፤ ልጆቿን ይዛ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ጎረቤት አልተገኘም። ቲጃኒ ያን ሣር እስኪሞት ድረስ አልረሳውም።

መደቡ አልታጠፈም። የሆሴዕና የቲጃኒ የግል ማኅደር ውስጥ አንድ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ገባ። በበሩ ላይም ትእዛዝ ወጣ፤ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ቲጃኒ ደብተር ተሰጥቶት፣ በዚያ ቀጥ ባለ ዘገምተኛ ጽሑፉ የሴቶቹን ስም መጻፍ ጀመረ። አንዳንድ ጊዜ «ሽማግሌዎቹስ?» የሚለው ጥያቄ ምላሱ ጫፍ ላይ ይመጣበታል፤ ይውጠዋል።

ከሆሴዕ ጋር ግን የቀረ ነገር ነበር። ሆሴዕ አልተቀየመውም፤ ወይም አላሳየውም። «ደህና አደሩ» ይላል፣ ያልፋል። መሳቢያውን አሁንም ይቆልፋል። ቲጃኒ ያን ቁልፍ በሰማ ቁጥር ልቡ ይቆለፋል። እንደ ልማዱ ሲሰልል ከርሞ፣ አሁን የሚሰልለው የራሱን ጥፋት በሆሴዕ ፊት ላይ ሆነ፤ ምን ያስብብኝ ይሆን እያለ።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች አዌቱን ተሻግረው ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ሄዱ። አንዱ ቲጃኒ ነው። ሁለተኛው ጎረቤቱ ሱሌይማን። ሦስተኛው እንድርያስ የሚባል ከከምባታ የመጣ ሸምገል ያለ አናጢ፣ ሆሴዕ እንደ አባት የሚያየው ሰው ነው። ለእርቅ የሚሄድ ሰው ከራሱ ወገን ብቻ ሽማግሌ አይዝም።

ልያ ሦስት ወንዶች ወደ በሩ ሲያቀኑ አየችና መስኮቱን ቶሎ ዘጋችው። በዚያ ዘመን ሦስት ሰው ወደ ቤት ሲመጣ በደህና አይደለም። ሆሴዕ ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እንድርያስን ሲያይ ትንሽ ደሙ ተመለሰ።

«ጋሽ ቲጃኒ፣ ምን ሆነው ነው?»

ቲጃኒ ኮፍያውን አወለቀ። በሕይወቱ ኮፍያውን ያወለቀለት ሰው ጥቂት ነው።

«አትደንግጥ። በዚያ መስኮት ሰልዬሃለሁ። ስምህን ለመንግሥት ሰው ሰጥቻለሁ። በድያለሁ። ሽማግሌ ይዤ መጥቻለሁ።»

ሆሴዕ ሦስቱን በተራ ተመለከታቸው። ከቡና ዛፎቹ ውስጥ አንዲት ዶሮ እየጫረች ትወጣለች። ከዚያ ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ልያ!» ብሎ ወደ ውስጥ ተጣራ። «ደብተርና እስክሪብቶ አምጪልኝ።»

«ለምን?» አለ ሱሌይማን ተገርሞ።

«የቢሯችን ትእዛዝ ነው፣ አባባ። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ይጻፋል፤ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ነው።»

እንድርያስ በሳቅ ፈረሰ። ቲጃኒ ግን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ልያ ደብተሩን ይዛ እስክትወጣ ጠበቀ፣ ሆሴዕም ገጹን ሲገልጥ አየ።

«ጻፍ» አለ። «ቲጃኒ ኢስሃቅ፣ ከሄርማታ።»

ልያ መስኮቱን ከፈተችው። ከውስጥም አግዳሚ እየጎተተች ለሽማግሌዎቹ አወጣች።